እሳት ያልነካው ድስት

ቴክሳስ፣ ሳክሲ ከተማ ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጎን፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ድስት ሰባት ዓመት ሙሉ በልጆቼ የድሮ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ መፍቻም ይሁን ገመድ ፈልጎ ወደዚያ መደርደሪያ እጁን በዘረጋ ቁጥር ከወጥ ቤት ሆኜ እጮህበታለሁ።

«ቦምብ ነው እንዴ እዚህ ያስቀመጥሽው?» ይለኛል።

ቦምብ ቢሆን ይሻል ነበር። ቦምብ ውሃ ቢነካው አይሟሟም። ያ ድስት ግን እሳት ገብቶ አያውቅም፤ ደርቆ የቆመ ጭቃ ነው። የውሃ ማሞቂያው አንድ ቀን ቢያፈስስ ተመልሶ አፈር ይሆናል። የሠራችው እናቴ ናት። የሠራችውም እዚሁ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ አፈር ነው። ከእጇ የቀረኝ ሌላ ነገር የለም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህችን አራት ቃል ለመጻፍ ሃምሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያደግሁት በአንዲት የወሎ ትንሽ ከተማ ዳር ነው፤ ከከተማዋም ከገጠሩም ያልሆንን ሰዎች የምንኖርበት ዳር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ድስትና ምጣድ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። ሴቶቹ ድስቱን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከወደዱት «እዚያ መሬት ላይ አስቀምጪው» ይሏታል፤ ከእጇ ላለመቀበል። በድስቷ ይበላሉ፤ ከእሷ ጋር ግን አይበሉም። ትምህርት ቤት የቡዳ ልጅ ነበርኩ። ተማሪዎቹ እርሳስ ሲያውሱኝ እንኳ መልሰው አይቀበሉኝም፣ ለእኔው ይተዉልኛል። ስለዚህ ጭቃ አልነካም ብዬ ማልኩ። እህቶቼ የእናቴን ሥራ ሲማሩ እኔ ደብተሬን ይዤ ጀርባዬን እሰጣቸው ነበር። እናቴ አንድም ቀን አላስገደደችኝም። «ተዉአት፣ እሷ ብዕር ትያዝ» ትላለች። ያን ጊዜ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ዲቪ ደርሶኝ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ስገባ ማንም የማያውቀኝ አገር ገባሁ ብዬ ተነፈስኩ። የት! ሁለተኛው እሑድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት ሴት ያዘችኝና የማን ልጅ ነሽ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ፣ እናትሽ ምን ትሠራለች ብላ አፋጠጠችኝ። «ነጋዴ ናት» አልኳት። ሸክላ ስለምትሸጥ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አባበልኩ። ከነገሩ ጾም እደሩ ይባል የለ? ያቺ አንዲት ቃል ግን ከእኔ ጋር አደገች፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ እናቴ ሱቅ አወጣች፣ ዕቃ ከአዲስ አበባ ታስመጣ ጀመር። አቤት ውሸቴ!

ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ለስድስት ወር መጣች። ያን ጊዜ ጋርላንድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አፓርትመንት ነበርን፤ ሳክሲ የምንገዛው ቤት ገና እየተሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ያቺው ሴት እናቴን ሳመቻትና «ሱቁን ለማን ትተውት መጡ እማማ?» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ቶሎ ብዬ «ዘግታው ነው የመጣችው» አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀረች። ጉልበቷ ደግሞ እንደ ፍየል ነበር፤ የአፓርትመንቱን ደረጃ እኔን ጥላኝ ትወጣዋለች።

አንድ ቀን የቤቱን ግንባታ ልናሳያት ወሰድናት። መሠረቱ እየተቆፈረ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ተቆልሏል። ቤቱን የሚሸጥልን ሰውዬ ባርኔጣውን እያስተካከለ፣ በጋ ሲመጣ የቤቱን ዙሪያ በጎማ ውሃ እንድናጠጣ ያስረዳናል፤ አፈሩ ሲደርቅ ስለሚሸሽ መሠረቱ ይሰነጠቃል አለ። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ቤት ውሃ ያጠጣሉ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቁልሉ ቆነጠረች። በምራቋ አራሰችው፣ በመዳፎቿ መካከል እንደ ክር አሾለችው፣ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ክሩ አልተበጠሰም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። ከመጣች እንደዚያ አይቻት አላውቅም።

«ኮትቻ ነው። የኛው ኮትቻ» አለች። «ብቻውን ይሰነጠቃል እንጂ ገል ካገኘ ጥሩ ነው።»

ኮትቻ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ገል ደግሞ የሸክላ ስባሪ፣ ተፈጭቶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቦካል። የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ በአፈር በተሞሉ ፌስታሎች ስትሞላ ባለቤቴ ቆሞ ያያታል።

«እማማ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«እጄ ሥራ ፈትቶ ታመመ፣ ልጄ» አለችው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ በሶብላዬን ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ አገኘሁት። በፊት የነበረበትን ቀዩን የሸክላ ማሰሮ እናቴ ትራስ ልብስ ውስጥ ከትታ በመዶሻ አድቅቃዋለች። ጮህኩ፤ በሶብላው ደንግጦ ይሆናል እንጂ እናቴስ አልደነገጠችም። «ገል ከየት ላምጣ? እዚህ አገር ዕቃ አይሰበርም» አለችኝ።

በረንዳው ጠበባትና ሳሎኑ መሐል ካርቶን አነጠፈች። እኔ ጀርባዬን ስሰጥ ስላደግሁ በቅርብ አይቼው የማላውቀውን ያን ጊዜ አየሁ። እናቴ ድስቱን አታዞረውም፤ ራሷ ናት የምትዞረው። ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርጋ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ጭቃውን ወደ ላይ ትስበዋለች። ሁለቱ ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ትንንሾች ናቸው፣ ቴሌቪዥናቸውን ትተው ከኋላዋ ተሰልፈው ይዞራሉ። ጆሮዎቹን አወጣችለት፣ በማንኪያ ጀርባ አለሰለሰችው፣ አልጋዋ ሥር አሥራ ሁለት ቀን አደረቀችው። አልተሰነጠቀም።

«እሳቱስ?» አለችኝ።

አፓርትመንት ውስጥ እሳት እንደማይቻል ነገርኳት። ከመዋኛው ጎን ሰው ሥጋ የሚጠብስበትን የጋራ ግሪል በጣቷ አሳየችኝ። አጥንቶ የመጣ ሰው ነው የምትመስለው፤ ደረቅ ሣርና እንጨት እንኳ ከመንገድ ዳር ሰብስባ በረንዳው ላይ ደብቃ ነበር።

«እማዬ፣ አይሆንም። ሰው ያየናል።»

«ማን?»

«የኛ ሰዎች።»

ያ አፓርትመንት ግማሹ ሐበሻ ነው። ያቺ እናቴን ስለ ሱቁ የጠየቀቻት ሴት ራሷ ከመዋኛው ማዶ ነበር የምትኖረው። እናቴ አየችኝ። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። የልጆቹን ብርድ ልብስ አንሥታ ድስቱን ራሷ ጠቀለለችው፤ «ውሃ እንዳይነካው» ብላ ሰጠችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አገሯ ገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ስልኩ የመጣው ሥራ ላይ፣ ኤርፖርት፣ የአንዲት አሮጊት ዊልቸር እየገፋሁ ሳለ ነው። አሮጊቷን እስከ አውሮፕላን መሳፈሪያ በራቸው ድረስ አደረስኳቸው። እንባ አልመጣልኝም። ያን ቀንም፣ ሰው ቤቴን ሞልቶ ሲያጽናናኝም አልመጣም። ሰዎቹም ስለ ነጋዴዋ እናቴ አለቀሱልኝ።

ናፍቆት ሲባል የሚመጣ የሚሄድ ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚኖረው። መኪናውን ባስገባሁ ቁጥር ቀና ብዬ ወደ መደርደሪያው አያለሁ፤ ብርድ ልብሱን የፈታሁበትም ጊዜ አለ። ውስጡ የጣቶቿ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ስትዞር ትንሽ ያረፈችበት ቦታ ላይ መስመሩ ጠለቅ ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ጣቴን ማሳረፍ እፈልግና ይፈረካከሳል ብዬ እፈራለሁ። እናቴ ናፈቀችኝ፤ ልነካት ግን አልችልም። ድስቱን እሳት ማስገባት አለብኝ፣ እኔ ልጇ ይህችን እንኳ ልጨርስላት የሚለው ሐሳብ እያደር ያዘኝ።

ጋርላንድ ውስጥ አንድ የሸክላ ስቱዲዮ እቶን እንዳለው ሰማሁ፤ ግን እቶኑን የሚጠቀመው ተማሪ ብቻ ነው። ተመዘገብኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ልትማር ከፍላ ገባች! ከጎኔ የጥርስ ሐኪም ሴት ተቀምጣለች፤ ከእሷ ወዲያ ጡረታ የወጣ ፓይለት። ጭቃ ሲነካቸው እንደ ሕፃን ደስ ይላቸዋል። በቴሌቪዥን ብቻ የማየውን ዓይነት የሀብታም እጅ ጭቃ ውስጥ ሲርመጠመጥ እያየሁ፣ እናቴ ይህን ብታይ አልኩ። አንደኛው ሳምንት ላይ ሳቅሁ፤ ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ።

መምህራችን ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስድሳን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት። የራሷ ሥራዎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ሰው የሚያክሉ፣ ሆዳቸው ባዶ፣ አፋቸው የተዘጋ ነገሮች። ውሃ አይቀዳባቸው፣ ወጥ አይሠራባቸው።

«ምን ይደረግበታል?» አልኳት።

«ይታያል» አለችኝ።

ወደ ጭቃዬ ተመለስኩ። በልቤ ግን፣ እናቴ ይህን ገበያ ብታወጣው ምን እንደሚሏት አውቃለሁ አልኩ።

የሚሽከረከረው መሥሪያ አልታዘዝልሽ አለኝ። ጭቃው በተነሣ ቁጥር ይወድቃል። በሦስተኛው ሳምንት በስጨት ብዬ ጭቃዬን አነሣሁና ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት፤ ሳላስበው ዙሪያውን እየዞርኩ ወደ ላይ እስበው ጀመር። ጎበጥ ያለ፣ ጎኑ የተጣመመ ነገር ወጣ፤ ግን ቆመ። መምህሯ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም» አልኳት። እውነት ነው። ማንም እንዳያስተምረኝ ስንት ዓመት ታግያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ድስቱን ይዤ ሄድኩ። መምህሯ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ መነጽሯን አደረገች፤ ከዚያ ከእጄ ወደ እጇ ተቀበለችኝ። ቀስ ብላ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላበጠችው። ከዚያ አፈሩን ስለማታውቀው መጀመሪያ ከዚያው አፈር ሙከራ እንድሠራ ነገረችኝ። ከጓሮዬ ቆፈርኩ። ገል ያልገባበት ኩባያ ገና ሲደርቅ ለሁለት ተከፈለ። ገል የጨመርኩበት እቶን ገብቶ በደህና ወጣ፤ ደስ ብሎኝ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ አንድ ጠዋት ጥርስ የሚያክል ቁራጭ ከጎኑ ተስፈንጥሮ መሬት ላይ አገኘሁ። ሌላ ቀን ሌላ። በወሩ ኩባያው አይጥ የበላው ዳቦ መሰለ።

መምህሯ አስረዳችኝ። እዚህ አፈር ውስጥ ትንንሽ የኖራ ጠጠሮች አሉ። የኤሌክትሪኩ እቶን በጣም ስለሚግል ጠጠሮቹን ይለውጣቸዋል፤ ኋላ ከአየሩ እርጥበት ጠጥተው ያብጡና ሸክላውን ከውስጥ ያፈነዱታል። እንደ ድሮው በእንጨትና በኩበት፣ ሜዳ ላይ በለዘበ እሳት ቢተኮስ ግን ኖራው ሳይለወጥ ሊያልፍ ይችላል አለች። ሊያልፍ ይችላል። ላያልፍም ይችላል፤ ሜዳ ላይ ንፋስ አለ፣ እሳቱ አይታዘዝም፣ ድስቱም ሰባት ዓመት የጋራዥ እርጥበት ጠጥቷል።

«ለምን እንዳለ አታኖሪውም?» አለችኝ። «ያልተተኮሰ ጭቃ የሚያሳዩ አርቲስቶች አሉ። በመስታወት ሣጥን ብናደርገው እንደ ቅርጻ ቅርጽ ውብ ነው።»

«እናቴ እንዲታይ አይደለም የሠራችው!» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ፓይለቱ ዞረ። «ሽሮ እንዲንተከተክበት ነው።»

አልተቀየመችኝም። ወደ ቤት ስሄድ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሴትየዋ ልክ ናት። ያ ድስት ሰባት ዓመት ሙሉ መታየት እንጂ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እንዳለ ብተወው የእናቴ ጣቶች ይቆዩልኛል፤ እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ። እሳት ባገባው ወይ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ወይ በአንድ ጧታ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል ፈራሁ። ባለቤቴን ጠየቅሁት።

«ሶ፣ እንዳለ ተይዋ» አለኝ። «ማለቴ፣ ለምን ሪስክ ታደርጊያለሽ? ከተሰበረ አንቺን የሚችልሽ የለም።»

ልክ ነበር። ግን እናቴ ያንን ሣርና እንጨት ከመንገድ ዳር ስትለቅም ትመጣብኛለች። ጠቅልላ ስትሰጠኝ ትመጣብኛለች። እሳት ጠየቀችኝ፤ ከለከልኳት። ጉዳዩ ይሄው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ስቱዲዮው በዓመት አንድ ቀን ጉድጓድ ቆፍሮ በሜዳ እሳት ይተኩሳል። በዚያ ዓመት በድርቁ ምክንያት የተጣለው እሳት የማንደድ እገዳ ሲነሣ ከዋይሊ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በጥርስ ሐኪሟ መሬት ላይ ተሰበሰብን። ድስቱን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት፤ በዚያ ሁሉ መንገድ መኪናውን እንደዚያ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም፣ ከኋላዬ ስንቱ ክላክስ አደረገ። ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ እንጨቱ ተከምሯል፣ በየከረጢቱ ደረቅ የፈረስ ፋንድያ ተደርድሯል። ፓይለቱ ፋንድያውን በነጭ ጓንት እያነሣ ያሸትተዋል።

ሰዎቹ ዕቃቸውን ቀዝቃዛውን እንዳለ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ጀመሩ። አላስቻለኝም።

«ቆይ! ቆይ! መጀመሪያ ይሙቅ!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ።

ማንም አላስተማረኝም ብያለሁ። ዓይኔ ግን፣ እኔ ሳላውቅ፣ ከደብተሩ ሥር ሲያይ ኖሯል። ደረቅ ሣር ለኩሼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩ፤ ከእሳቱ ዳር አድርጌ ቀስ እያልኩ አገላበጥኩት። ሆዱ ውስጥ የተደበቀው እርጥበት በእንፋሎት ወጣ። ጥቁሩ አፈር ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ። እናቴ እንደምታደርገው ጉንጬን አስጠግቼ ሙቀቱን ለካሁ። ቀና ስል ሁሉም ዕቃቸውን ይዘው ከኋላዬ ተሰልፈዋል፤ የየራሳቸውን እንዳሞቅላቸው።

«የት ተማርሽው?» አለችኝ የጥርስ ሐኪሟ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።»

«እንዴት ታድለሻል!» አለችኝ። የምሯን ነው። አንገቴን ነቀነቅሁ።

እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። ወንበራቸውን ዘርግተው ሳንድዊች በሉ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከአመዱ ውስጥ አንዴ ጧ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። የማን ነው? ሦስተኛው ሲሰማ ጆሮዬን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ፤ የሴትየዋ ፈረስ መጥቶ ቆሞ ያየኛል። አምላኬ፣ የሌላ ሰው ይሁን ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አመዱን በዱላ ገለጥን። የፓይለቱ ማሰሮ ለሦስት ሆኗል፤ የመምህሯ አንድ አፍ የሌለው ሰውዬ አንገቱ ተቆርጧል። የእናቴ ድስት ከፋንድያው አመድ ሥር በጎኑ ተጋድሞ ነበር። በጨርቅ ይዤ አወጣሁት። አንድ ጎኑ ቀይ፣ አንድ ጎኑ ጥቁር፣ አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ፀጉር የምታክል ጭረት። በጣቴ አንኳኳሁት። ጠራ። ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ደወል ጠራ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ መምህሯ አቀፈችኝ። እጄን ወደ ውስጥ አስገብቼ ጣቶቼን በእናቴ ጣቶች መስመር ላይ አሳረፍኩ፤ ሳልፈራ፣ ተጭኜ። ለብ ያለ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዋይሊን ሳልጨርስ አንድ የነዳጅ ማደያ ጥግ ፓርክ አደረግሁ፤ መንዳት አቃተኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ድስት ያላለቀ ሥራ ነበር። ሥራ ጀምራ የተነሣች ሴት ደግሞ ልትጨርሰው ትመለሳለች። እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ግን ጋራዡን በከፈትኩ ቁጥር ስጠብቃት ኖሬያለሁ። አሁን ሥራው አለቀ። የምትመለስበት ነገር የላትም።

ባለቤቴ ደወለ።

«ሄሎ? እንዴት ሆነ?»

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ለቅሶዬን ሰማ።

«ተሰበረ አይደል? ኦኬ፣ ኦኬ፣ ግድ የለም፣ አታልቅሺ...»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«እናቴ ሞተች» አልኩት።